የአያትን ፒካፕ ከነሞተሯ ማደስ፦ ለክቶ መፍታት፣ ለክቶ መግጠም

በግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመችው ፒካፕ የአያትዎ ናት። ጎማዋ ተኝቷል፣ የጭነት ሳጥኗ ውስጥ ሣር በቅሏል፣ ዶሮ ያድርባታል። ገዢ በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ «አትሸጥም» ብሎ ይመልሰዋል፤ የሚያነሣት ግን እስካሁን አልተገኘም። እንዲህ ያለች መኪና ያላቸው ሰዎች የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከየት ልጀምር? ምኑን ልቀይር? መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» ሲለኝ ልመነው?

መልሴ አጭር ነው፦ ያልለኩትን አይቀይሩ። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያልቀው ደህናው ዕቃ ተጥሎ ርካሽ አዲስ ሲገጠም፣ የተጎዳው ደግሞ «ይሠራል» ተብሎ ሲታለፍ ነው። የለካ ሰው ግን የሚቀየረውንም የሚተወውንም ያውቃል።

እዚህ የምመራዎት በየከተማውና በየገጠሩ በምናውቃት አሮጌ የቶዮታ ሂሉክስ፣ ባለ 2ኤል የናፍጣ ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2446 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 92 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምትም 92 ሚሊ ሜትር። የእርስዎ መኪና ሌላ ብትሆን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ ቁጥሮቹን ብቻ ከራሷ የጥገና መጽሐፍ ይውሰዱ። ሥራውን በእጅዎ ባይሠሩትም፣ ከመካኒኩ አጠገብ ቆመው ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ ይረዳዎታል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

ሲሚንቶ ወለልና ጣሪያ ያለው ቦታ ያስፈልጋል። ክፍት ሞተር ላይ የሚያርፍ አቧራ ብረት የሚበላ አሸዋ ነው። ሙሉ የቁልፍና የቡሶላ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቶርክ ሬንች፣ ማይክሮሜትር፣ ፊለር ጌጅ የሚባለው የስስ ቅጠል መለኪያ፣ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ሞተሩን የሚያነሣ ፓራንኮ፣ መኪናዋን የሚሸከሙ ጠንካራ የብረት ማቆሚያዎችም እንዲሁ። የቤንዚን ኮምፕሬሽን መለኪያ የናፍጣን ጫና ስለማይችል አይዋሱ። ቶርክ ሬንችና ማይክሮሜትር መግዛት ካልቻሉ ይከራዩ ወይም ያለው መካኒክ ያምጣ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይግዙ።

1. ወረቀቱንና ታሪኳን ያጣሩ

አንድም ብሎን ሳይፈታ ሊብሬውን ይዘው ወደ መኪናዋ ይሂዱ። በሻንሲዋና በሞተር ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። አያትዎ በሕይወት ከሌሉና መኪናዋ አሁንም በስማቸው ካለች፣ የወራሽነቱ ጉዳይ መጀመሪያ ይለቅ። ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባት በኋላ በወንድማማቾች መካከል የሚነሣ ክርክር ከዝገት ይብሳል። ብሎኩን ጠብቆ ማደስ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ቁጥር ነው፤ ሌላ ሞተር ከገጠሙ ተሽከርካሪ በሚመዘግበው መሥሪያ ቤት አስመርምረው ማስመዝገብ ይኖርብዎታል።

ቀጥሎ በመኪናዋ የተጓዙትን ትልልቅ ሰዎች ይጠይቁ። ለምን ቆመች? ውሃ ትፈላ ነበር? ዘይት ትበላ ነበር? ጠዋት ጠዋት ታስቸግር ነበር? ጭሷ ጥቁር ነበር፣ ሰማያዊ ወይስ ነጭ? ጥቁር ጭስ በሙሉ ያልተቃጠለ ናፍጣን፣ ሰማያዊው የሚቃጠል ዘይትን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ብዙውን ጊዜ ወደ ሲሊንደር የሚገባ ውሃን ወይም ደካማ ኮምፕሬሽንን ያመለክታል። የነገሩዎትን በሙሉ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ። መካኒክ የማይሰማውን ድምፅ አያትዎ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሰምቶታል።

2. ከሞተሩ በፊት ሻንሲውን ይመርምሩ

የተለመደው ስሕተት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አድሶ ከጨረሱ በኋላ ሻንሲው መበስበሱን ማወቅ ነው። ከሥር የተጋገረውን ጭቃ በውሃ አጥበው ያድርቁ፤ ከዚያ በትንሽ መዶሻ እየመቱ ይሂዱ። ደህና ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል፤ አንዳንዴም ይበሳል። ባሌስትራው የሚታሰርባቸውን ቦታዎች፣ የጋቢናውን ማረፊያዎችና የመሪ ሳጥኑ የተያዘበትን አካባቢ በተለይ ይዩ። ስንጥቅ ካለ ብየዳውን ልምድ ያለው የሻንሲ ባለሙያ ይሥራው፤ ስንጥቁ እንዳይታይ ቀለም መቀባት ሰው መግደል ነው።

በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ማቆሚያ ይደገፍ።

3. ለማስነሣት ሳይቸኩሉ ሞተሩን ይጠይቁት

ዓመታት የቆመን ሞተር ባትሪ አምጥቶ መምታት ትልቁ ጥፋት ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ከሆነ ይሰበራል፤ የደረቀ ብሮንዚንም (የኮሎው ተሸካሚ) በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይጫራል።

ካንዴሌቶቹን ይፍቱ። በየቀዳዳው ጥቂት ስስ ዘይት ጨምረው አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። ከዚያ የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ላይ ባለው ብሎን ቁልፍ አስገብተው ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ቀስ አድርገው ያዙሩ። ከቆመ አያስገድዱት፤ ዘይት ጨምረው ይታገሡ። የቺንጋውን (ኮሎውንና ካምሻፍቱን የሚያገናኘው ቀበቶ) ዕድሜ የማያውቁት ከሆነ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሁን።

በነፃነት ከዞረ ኮምፕሬሽን ይለኩ። ናፍጣ እንዳይገባ የናፍጣ ፖምፓውን የማቆሚያ ሶሌኖይድ ሽቦ ይንቀሉ፤ በሙሉ ባትሪ በሞተሪኖ እየመቱ አራቱንም ሲሊንደር በተራ ይለኩና ይጻፉ። የ2ኤል መጽሐፍ የሚለው ደህና ሞተር 32፣ ዝቅተኛው ወሰን 20 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ5 ያልበለጠ እንዲሆን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚረሳው ነገር አለ። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ጫና ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ መለኪያውም በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ያነባል። በአዲስ አበባ 24 ያሳየ ሞተር እንደ አዲስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ይመኑ። አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ከወረደ በዚያው ሲሊንደር የተጎዳ ቫልቭ ወይም ፋሻ አለ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ በመካከላቸው የተቃጠለ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይጠርጥሩ። አራቱም ደህና ከሆኑና ሞተሩ ዘይት የማይበላ ከሆነ ምናልባት መከፈት አያስፈልገውም፤ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ ማኒኮቶ፣ የናፍጣ ሥርዓቱን ማጽዳት ይበቃዋል። «ሞተሩ ይውረድ» የሚለው ቃል ከዚህ መለኪያ በኋላ እንጂ በፊት መነገር የለበትም።

4. ሞተሩን ማውረድ

ባትሪውን ይንቀሉ፣ ውሃውንና ዘይቱን ያፍስሱ። የሚወርደውን ዘይት በንጹሕ ሳፋ ይቀበሉ፤ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ብሮንዚኑ እየተበላ ነው፤ ወተት የመሰለ ዘይት ካዩ ውሃ ገብቶበታል።

እያንዳንዱን ሽቦና ቱቦ ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጥፉ። ብሎኖችን በአንድ ጣሳ አይደባልቁ። ለየክፍሉ የየራሱ ከረጢት፣ በላዩም «የካምቢዮ ላይኛው»፣ «የዲናሞ» እየተባለ ይጻፍበት። ረዥሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ሲገባ ብሎክ ይሰነጥቃል፤ ከወራት በኋላ ሲገጥሙ ማስታወስ የሚችል ጭንቅላት የለም።

ሞተሩ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ፓራንኮው የሚንጠለጠልበት ምሰሶ ይህን መሸከሙን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ። ልጆችን ያርቁ፤ ከተንጠለጠለ ሞተር ሥር እጅም እግርም አይግባ።

5. ከፍቶ መለካት

የቴስታታውን (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎኖች ከዳር ወደ መሐል፣ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት እያሉ ያላሉ። አንዱን በአንድ ጊዜ መፍታት ቴስታታውን ያጣምመዋል። የቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ክንድ) ቆቦች ከየቢዬላቸው ጋር አብረው የተቆረጡ ናቸው፤ ከመፍታትዎ በፊት ከ1 እስከ 4 ቁጥር ያድርጉባቸው፤ መቼም አይቀያየሩ።

አሁን ደብተሩ ሥራውን ይጀምራል። የሚለካው እንዲህ ነው፦

ሲሊንደር፦ በላይ፣ በመካከልና በታች፣ በየደረጃውም በሁለት አቅጣጫ። አንድ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር ይኖረዋል። ከ92 ሚሊ ሜትር ስፋቱ 0.2 ያህል ካለፈ አራቱም ሲሊንደሮች ይሰፋሉ። የላይኛው ጠርዝ ላይ በጥፍር የሚያዝ ደረጃ ካለ ብረቱ እንደተበላ ሳይለኩም ይነግርዎታል።

ኮሎ፦ ብሮንዚን የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ሁሉ በማይክሮሜትር ይለኩ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ኮሎው ይሞረዳል፤ ከዚያም 0.25 ወይም 0.50 የሚል ወፍራም ብሮንዚን ይገባለታል።

ቴስታታ፦ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱና በሰያፍ አጋድመው ከሥሩ ፊለር ጌጅ ያስገቡ። ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የሚገባ ከሆነ ተጣሟል። በዚህ ሞተር ደካማው ቦታ በቫልቮቹ መቀመጫዎች መካከል ያለው ስስ ብረት ነው፤ በሙቀት የተጎዳ የ2ኤል ቴስታታ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። በዓይን ያልታየ ስንጥቅ ስላለ በጫና ይፈተሽ።

6. ወደ ማሽን ቤት

ሲሊንደር የሚያሰፋ፣ ኮሎ የሚሞርድና ቴስታታ የሚያስተካክል ማሽን ቤት ሲመርጡ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት መለኪያዎቻቸውን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የለኩበትን ቁጥር ከእርስዎ ደብተር ጋር ያስተያዩ። የሚለያይ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር አብራችሁ እንደገና ለኩ።

በዚህ ደረጃ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ፒስተኑ ሳይገዛ ሲሊንደሩን ማስፋት ነው። መጀመሪያ 0.50 የሚበልጠውን ፒስተን ከነፋሻው ገዝተው ይስጧቸው፤ ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ፒስተን ትክክለኛ ልክ ይስፋ።

ብሎኩ ሲመለስልዎ ንጹሕ ቢመስልም አይመኑት። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ፣ የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹን ሳይቀር ይጠቡ። ነጭ ጨርቅ በሲሊንደሩ ውስጥ አልፎ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አያቁሙ። ወዲያው አድርቀው ዘይት ይቀቡት፤ እርጥብ ባዶ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል። ከማሽኑ የቀረ ዱቄት አዲሱን ፋሻ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጨርሰዋል።

7. ዕቃ መግዛት

መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ሁለት ነገር ይያዙ፦ አሮጌውን ዕቃና ደብተርዎን። የሻጭ ቃል «ይሄው ነው» ይላል፤ እርስዎ ግን አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አድርገው ቀዳዳውንና ጥርሱን ይቁጠሩ፣ ውፍረቱን ይለኩ። ካርቶን ይታተማል፤ ጥራት ግን በካርቶን አይታወቅም። ካልገጠመ እንደሚመልሱ ተስማምተው፣ ደረሰኝ ተቀብለው ይግዙ።

ገንዘብ ካጠረ የሚቆጥቡበትን ቦታ ይምረጡ። መስታወት፣ መቀመጫ፣ የበር እጀታ ያገለገለ ይሁን። ፋሻ፣ ብሮንዚን፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ፓራዎሊ፣ ቺንጋና የቺንጋው መወጠሪያ ግን ካገለገለ ሞተር አይወሰዱም።

8. መግጠም

ኮሎውን ካስቀመጡ በኋላ የብሮንዚኑን ክፍተት በፕላስቲጌጅ ይለኩ፤ ይህች ቀጭን ክር በቆቡ ሥር ተጨፍልቃ በስፋቷ ክፍተቱን ትነግርዎታለች። ከ0.03 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጤነኛ ነው። ከጠበበ ይቃጠላል፤ ከሰፋ የዘይት ጫና ይወድቃል። ኮሎውን በየደረጃው በእጅ ያዙሩ፤ መዞር ያስቸገረበት ቅጽበት ስሕተቱ የተሠራበት ቅጽበት ነው።

ፋሻውን ፒስተን ላይ ከማልበስዎ በፊት ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ከትተው የጫፎቹን ክፍተት ይለኩ። ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ይሁን፤ የፋሻዎቹ ጫፎችም በአንድ መስመር አይሰለፉ።

የ2ኤል የቴስታታ ጓርኒሲዮን በሦስት ውፍረት ይመጣል። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ በመለካት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይለካ ሱቁ የሰጠውን ይገጥማል፤ ስስ ሲሆን ፒስተን ቴስታታ ይነካል፤ ሲወፍር ኮምፕሬሽን ይወርዳል፤ ጠዋትም አትነሣም።

ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ በመጽሐፉ ደረጃ፣ በቶርክ ሬንች ብቻ ያጥብቁ። መጀመሪያ የገጠምኩት ቴስታታ ውሃ ወደ ዘይት ያሳለፈብኝ በክንዴ ግምት ስላጠበቅሁት ነው፤ ያ አንድ ቀን ሙሉ ሥራዬን ከመጀመሪያ አስጀመረኝ።

የቺንጋውን ምልክቶች በኮሎው፣ በካምሻፍቱና በፖምፓው ላይ ያገጣጥሙ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምልክቶቹ ተመልሰው መገናኘታቸውን ይዩ። ቺንጋው የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፉ፤ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በፊት ይቀየራል። ፖምፓውንና ኖዝሎቹን ሞተሩ ክፍት ሳለ ፖምፓ ቤት ልከው ያስተካክሉ፤ በደጋ የሚኖሩ ከሆነ ይንገሯቸው። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ ናፍጣው ከበዛ ጥቁር ጭስና ሙቀት ይሆናል።

9. ሞተሩ ማሽን ቤት ሳለ፦ ፍሬን፣ ውሃ፣ ላሜራ

የፍሬን ማስተር፣ ጎማ ቱቦዎች፣ የኋላ ሲሊንደሮችና የፍሬን ዘይት ሁሉ ይቀየሩ። የቆመ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ከውስጥ ያዝጋል። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ከተመታው አራት አኃዝ ያንብቡ፤ 2309 ካለ የተሠራው በ2009 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም የተሰነጠቀ አሮጌ ጎማ ለጭነት አይታመንም። የናፍጣ ታንከሩን አውርደው ይጠቡ፤ ከሥሩ ውሃና አተላ ይኖራል።

ራዲያተሩ ተከፍቶ ይጽዳ፤ ክዳኑም ይቀየር። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቴርሞስታቱ ደግሞ የሚከፈተው በ80ዎቹ ውስጥ ነው። በመካከል ያለውን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው ጫና የሚይዘው ክዳን ነው። የላላ ክዳን ቀደም ብለን ያየነውን የቴስታታ ስንጥቅ፣ ከዚያም እንደገና ሞተር ማውረድን ያስከትላል። የቧንቧ ውሃ ብቻ አይጨምሩ፤ ዝገት የሚከላከል ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ።

ላሜራው ላይ ዝገቱ እስከ ደህናው ብረት ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየድ፤ በዝገት ላይ የተለቀለቀ ስቱኮ በሁለት ክረምት ይነሣል። ነገር ግን ሁሉንም አዲስ ለማድረግ አይጣደፉ። አያትዎ ክንዳቸውን ያሳረፉበት የመስኮት ጠርዝ፣ ከጆንያ ጭነት የቀረ የሳጥኑ ጉብታ፣ በእጃቸው የለሰለሰ የማርሽ እጀታ ደኅንነትን አይነኩም። ይተዉላቸው።

10. ማስነሣትና የመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር

የፖምፓውን የማቆሚያ ሽቦ ነቅለው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ትንሽ ትንሽ እያረፉ ያዙሩት። ዘይት ወደ ብሮንዚኑ ሳይደርስ የተነሣ ሞተር የታደሰበትን ገንዘብ በአንድ ደቂቃ ይበላል። ከዚያ ሽቦውን መልሰው፣ በናፍጣ ፊልትሮው ላይ ባለው የእጅ ፖምፓ አየሩን ያስወጡ።

ስትነሣ ለረዥም ሰዓት በሚኒሞ አያቁሟት፤ ፋሻ ከሲሊንደር ጋር የሚላመደው መጠነኛ ጭነት ሲሰማው ነው። ፍንጣቂ ይፈልጉ፣ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ፣ ከዚያ ፍሬኑን በባዶ ሜዳ ፈትሸው ወደ መንገድ ይውጡ። እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አይጫን፤ በአንድ ፍጥነት ብቻ ረዥም አይነዳ፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ አያስጨንቋት። በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ የመጀመሪያው ዘይት ከአዲሶቹ ክፍሎች የተፋቀውን ብናኝ ይዞ ይወጣል። ያኔ የቫልቭ ክፍተቱም ይለካ።

ለመጀመሪያው ረዥም ጉዞ፣ በመጀመሪያው ቀን የጠየቋቸውን ትልቅ ሰው ጋቢና ውስጥ ያስቀምጧቸው። አያትዎ በሕይወት ካሉ እሳቸውን፣ ከሌሉ አያትዎ ሲነዱ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው። ዳገት ላይ ሲደርሱ ድምፁ እንደ ድሮው መሆን አለመሆኑን ይጠይቋቸው። የሚሉትን ከኮምፕሬሽኑ ቁጥሮች ሥር ጽፈው ደብተሩን ከሊብሬው ጋር በዳሽቦርዱ ኪስ ያኑሩት። ቀጣዩ የሚከፍታት ልጅ ከዚያ ይጀምራል።